ሪችመንድ ደጅ ለመጥናት፦ የልጆችን ምግብና ክትባት የሚመለከት ሕግ በግዛት ደረጃ እንዴት ይጠየቃል

መጀመሪያ የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ወደሆነችው ወደ ሪችመንድ የሄድኩ ቀን አራት ጥያቄ በአንድ ወረቀት ይዤ ነበር። በትምህርት ቤት ምግብ ውስጥ ያለው ማቅለሚያ፣ የዳቦ ዱቄት ውስጥ የሚገባው ኬሚካል፣ የክትባት ጉዳት ካሳ፣ በመጨረሻም የክትባት ማብራሪያ በአማርኛ ይሰጠን የሚል። የዴሊጌቷ፣ ማለትም በግዛቱ ምክር ቤት የምትወክለን አባል፣ ረዳት ወጣት ልጅ ነው። የመጀመሪያውን ጻፈ፣ ሁለተኛውን ጻፈ፣ ሦስተኛው ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። ከዚያ በኋላ ፈገግ እያለ አዳመጠኝ። ስንወጣ አብራኝ የመጣችው ጎረቤቴ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» አለች። የእኔ ዓይን ግን እስክሪብቶው ላይ ቀርቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመላልሻለሁ። የምጽፈው ሰሜን ቨርጂኒያ ለምንኖር ነው። ሜሪላንድና ዲሲ ላላችሁ ልዩነቱን በየቦታው ጣል አደርጋለሁ። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. የማን ሥልጣን እንደሆነ ለዩ

የምግብ ጭማሪ ኬሚካሎችን የሚፈቅደው የፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ነው። ያም ሆኖ ኤፍዲኤ የፈቀደውን ኬሚካል አንድ ግዛት በክልሉ ውስጥ እንዳይሸጥ ሊከለክል ይችላል። ካሊፎርኒያ ያደረገችው ይህንን ነው። በጥቅምት 2023 አገረ ገዥው ጋቪን ኒውሰም የፈረሙት ሕግ አራት ነገሮችን ከ2027 መጀመሪያ ጀምሮ ያግዳል፦ ቀይ 3 የተባለውን ማቅለሚያ፣ ፖታሲየም ብሮሜትን፣ ፕሮፒልፓራቤንንና ብሮሚን የተጨመረበትን የአትክልት ዘይት። ኤፍዲኤ ራሱ የዘይቱን ፈቃድ በሐምሌ 2024፣ የቀይ 3ን ደግሞ በጥር 2025 ሰረዘ። ካሊፎርኒያ ስለቀደመች ብቻ ነው አልልም፤ ቀይ 3ን በሚመለከት ከ2022 ጀምሮ ኤፍዲኤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ አቤቱታ ነበር። ደግሞም ይኸው ቀለም ከመዋቢያ ዕቃዎች የታገደው በ1990 ነው። ከንፈር ላይ እንዳይቀባ የተከለከለ ቀለም ሠላሳ ዓመት ከዚያ በላይ በከረሜላ መልክ ሲዋጥ ኖረ ማለት ነው።

የክትባት ነገር ሌላ ነው። ክትባትን መርምሮ የሚፈቅደው ኤፍዲኤ ነው፤ ብልቃጡ ላይ የሚጻፈውንም የሚያጸድቀው እሱ። አምራች ኩባንያ በምን ሁኔታ እንደሚከሰስና ተጎጂ በምን መንገድ ካሳ እንደሚያገኝ የተወሰነው በ1986 በወጣ የፌዴራል ሕግ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2011 አጽንቶታል። በግዛቱ እጅ ያለው ትምህርት ቤት ለመግባት የትኛው ክትባት ይጠየቃል፣ ማን ነጻ ይሆናል፣ መዝገቡ እንዴት ይያዛል፣ በግዛቱ ፕሮግራም ውስጥ ያሉ ክሊኒኮች ክትባቱን እንዴት ያስቀምጣሉ የሚለው ነው። ስለዚህ «ኩባንያዎቹን የምንከስስበት ሕግ አውጡልን» ብላችሁ ዴሊጌት ዘንድ ብትሄዱ ያላችሁበት በር የጎረቤት በር ነው። የእኔ ሦስተኛ ጥያቄ ይኸው ነበር። ልጁ እስክሪብቶውን ማስቀመጡ ልክ ነው።

2. አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ

ምግብንና ክትባትን በአንድ ወረቀት አታምጡ። ኮሚቴዎቹ ይለያያሉ፣ ማስረጃው ይለያያል፣ የሚቃወማችሁ ሰውም ይለያያል። ስለ ማቅለሚያ ሊደግፋችሁ የተዘጋጀ ሰው ክትባት የሚለውን ቃል ሲሰማ ወደኋላ ይላል፤ ተገላቢጦሹም አለ።

ማቅለሚያን ከመረጣችሁ የሕጉን ቅርጽ ምረጡ። እስካሁን አራት ዓይነት አይቻለሁ።

ከሁሉም ሰፊው ከመደብር ጭምር ማገድ ነው፤ ካሊፎርኒያ እንዳደረገችው። ምዕራብ ቨርጂኒያም በመጋቢት 2025 ሰባት ማቅለሚያዎችንና ምግብ እንዳይበላሽ የሚጨመሩ ሁለት ማቆያዎችን የሚያግድ ሕግ አውጥታለች፤ ለትምህርት ቤት ምግብ ከነሐሴ 2025፣ ለመደብር ከ2028 መጀመሪያ። ሁለተኛው ትምህርት ቤትን ብቻ የሚመለከት ነው። የእኛዋ ቨርጂኒያ በ2025 ይህን መርጣለች፦ ከሐምሌ 1፣ 2027 ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሰባቱን ማቅለሚያዎች የያዘ ምግብ አያቀርቡም። ሦስተኛው ቴክሳስ በ2025 እንዳወጣችው ማሸጊያው ላይ ማስጠንቀቂያ ማስጻፍ ነው። አራተኛውን እኔ በጣም እወደዋለሁ፦ ምንም ሳያግዱ አምራቹ መርምሮ ውጤቱን ይፋ እንዲያደርግ ማስገደድ። ካሊፎርኒያና ሜሪላንድ ለሕፃናት ምግብ ይህን ያደርጋሉ፤ እርሳስ፣ አርሰኒክ፣ ካድሚየምና ሜርኩሪ ተመርምሮ ውጤቱ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል።

ሕጉ ሲሰፋ ተቃዋሚው ይበዛል። የምዕራብ ቨርጂኒያውን የቀለም አምራቾች ማኅበር ፍርድ ቤት ወስዶታል። የካሊፎርኒያው ረቂቅም ሲጀመር አምስት ነገር ነበረው፤ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለው አምስተኛው በመንገድ ላይ ወጣና የቀረው አለፈ። እናንተም ሲጨንቅ የትኛውን እንደምትለቁ ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩ። ኮሪደር ላይ «ይህችን ብናወጣትስ?» ተብላችሁ ስትጠየቁ መልስ ካጣችሁ ሌላ ሰው ይመልስላችኋል።

የፓርቲ ነገር አያስፈራችሁ። የቨርጂኒያውን ያቀረቡት ሪፐብሊካኖች ናቸው፣ ሁለቱም ምክር ቤቶች ያኔ በዴሞክራቶች እጅ ነበሩ፣ የፈረሙት የያኔው አገረ ገዥ ግሌን ያንግኪን ሪፐብሊካን ናቸው። የካሊፎርኒያውን አቅርበው ያሳለፉት ዴሞክራቶች ናቸው። የልጅ ምግብ ላይ ሁለቱም ወገን ያዳምጣል።

3. ማስረጃችሁን በልክ ተናገሩ

አንድ ገጽ ይበቃል። ማቅለሚያን በሚመለከት ሁለት ነገር ጻፉበት። አንደኛ፣ የካሊፎርኒያ የአካባቢ ጤና አደጋ ምዘና ቢሮ በሚያዝያ 2021 ባወጣው ግምገማ ሠራሽ ማቅለሚያዎች በአንዳንድ ልጆች ላይ የጠባይና የትኩረት ችግር ሊያስከትሉ ወይም ሊያባብሱ እንደሚችሉ ደምድሟል። ሁለተኛ፣ በአውሮፓ ኅብረት ከ2010 ጀምሮ ቀይ 40ን፣ ቢጫ 5ንና ቢጫ 6ን ጨምሮ ስድስት ማቅለሚያዎች ያሉበት ምግብ በልጆች እንቅስቃሴና ትኩረት ላይ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል ማሸጊያው ላይ ይጻፋል።

«በአንዳንድ ልጆች» የምትለዋን እንዳትጥሏት። «ማቅለሚያ ልጆቻችንን አሳበደ» ካላችሁ የአምራቾቹ ወኪል ተነሥቶ የተጋነነውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ያፈርሰዋል፤ እውነተኛው ክፍልም አብሮ ይሄዳል።

ከዚያ ከራሳችሁ ቤት አንድ ነገር ጨምሩ። እኔ የያዝኩት ልጄ ከትምህርት ቤት ያመጣው ባዶ የብስኩት ከረጢት ነበር። ምላሱ ብርቱካን ሆኖ፣ የሸሚዙ እጅጌ ብርቱካን ሆኖ መጥቶ ጠረጴዛ ላይ የጣለው። ከረጢቱን ገልብጬ የንጥረ ነገር ዝርዝሩን በቢጫ ቀለም አስምሬ ወረቀቱ ላይ በስፒል አያያዝኩት። ረዳቱ ወረቀቱን ሳያነብ ከረጢቱን ነው ያነሣው።

4. ከእንቁጣጣሽ ጀምሩ

የቨርጂኒያ ጠቅላላ ጉባኤ የሚከፈተው በጥር ሁለተኛው ረቡዕ ነው፤ ገና በዋለ በሳምንት ውስጥ ማለት ነው። በጎዶሎ ዓመት ሕገ መንግሥቱ የሚሰጠው 30 ቀን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 46 ይራዘማል። በሙሉ ቁጥር ዓመት 60 ቀን። በዚያ ጊዜ አዲስ ሐሳብ ይዞ መሄድ ድግሱ ካለቀ በኋላ ጤፍ እንደ መግዛት ነው። አባላት ረቂቅ የሚያስጽፉበት ቀነ ገደብ ጉባኤው ሳይከፈት ያልፋል፣ እያንዳንዱ አባል የሚያቀርበው ረቂቅም ብዛቱ የተገደበ ነው። ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት፣ አባላቱ በየሠፈራቸው ባሉበት ጊዜ፣ ቀጠሮ ያዙ።

የእናንተን ተወካዮች ለማወቅ የጉባኤው ድረ ገጽ ላይ የቤታችሁን አድራሻ ማስገባት ይበቃል። ከ100 ዴሊጌቶች አንዱ ከ40 ሴናተሮችም አንዱ የእናንተ ነው። ሌላውን አባል መጻፍ ይቻላል፤ ሆኖም ረዳቶቹ መጀመሪያ የሚያዩት አድራሻችሁን ነው። ስልክ ስትደውሉ ስማችሁን፣ የምትኖሩበትን ሠፈር፣ የረቂቁን ቁጥርና ምን እንዲያደርጉ እንደምትፈልጉ ተናገሩ። ይኸው ነው፤ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። የተዘጋጀ ደብዳቤ ገልብጦ ሃምሳ ሰው ከመላክ አምስት ሰው በራሱ ቃል ቢደውል ይሻላል። ተመሳሳዮቹ እንደ አንድ ይቆጠራሉ።

ሜሪላንድም የሚከፈተው በዚያው በጥር ሁለተኛው ረቡዕ ነው፤ 90 ቀን ይቆያል። እዚያ ለመናገር አስቀድሞ በጉባኤው ድረ ገጽ አካውንት መክፈትና ከስብሰባው በፊት በሚከፈተው አጭር የምዝገባ ጊዜ ውስጥ መመዝገብ ያስፈልጋል። ያ ጊዜ ካለፈ ማንም አይለምንላችሁም።

5. ንዑስ ኮሚቴው ፊት

በቨርጂኒያ ብዙ ረቂቅ የሚሞተው በምክር ቤቱ አዳራሽ ሳይሆን በንዑስ ኮሚቴ ነው፤ ጥቂት ሰዎች ባሉበት ክፍል፣ በጠዋት። አጀንዳው አንዳንዴ አንድ ቀን ሲቀረው ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከሪችመንድ ሁለት ሰዓት ርቃችሁ የምትኖሩ ከሆነ ለመሄድ ፈቃድ የሚያገኝ አንድ ሰው፣ ካልተቻለ ደግሞ በቪዲዮ የሚናገር አንድ ሰው አዘጋጁ። የዴሊጌቶቹ ምክር ቤት በድረ ገጹ በኩል በጽሑፍ አስተያየት ይቀበላል፤ ከሩቅ ሆኖ ለመናገርም ይመዘግባል።

እኔ የሦስት ደቂቃ ንግግር ጽፌ ሄድኩ። ሰብሳቢው «ሰው በዝቷል፣ ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ» አሉ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ እያለሁ ደቂቃዬ አለቀች፤ የምፈልገውን ደግሞ የጻፍኩት ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ነበር። እንደ አገራችን ሽማግሌ ከሰላምታና ከመግቢያ ጀምሬ ወደ ጉዳዩ በዝግታ ልገባ ስል ጉዳዩ ሳይነሣ ቀረ። አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማን እንደሆንንና ረቂቁን እንዲደግፉ መጠየቃችን፣ ሁለተኛው ምክንያቱ፣ ሦስተኛው የቤታችን ነገር። ሰዓት ተይዞ በአርባ አምስት ሰከንድ እናልቃለን። የቀረውን በጽሑፍ እናስገባለን።

እንግሊዝኛችሁ ይሰባበር ይሆናል፤ አትፈሩ። እዚያ ክፍል ውስጥ በየቀኑ የሚናገሩት ደመወዝተኛ ወኪሎች ናቸው፤ ድምፁ የሚንቀጠቀጥ እናት ስትነሣ አባላቱ ከስልካቸው ቀና ይላሉ። ዲሲ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፦ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋን መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አማርኛ ደግሞ እዚያ በሰፊው ከሚገለገሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ረቂቁ ከተጣለ ድምፁን ማን እንዴት እንደሰጠ በጉባኤው የሕግ መረጃ ገጽ ላይ ይታያል። ወደ ሚቀጥለው ዓመት የተላለፈ ከሆነ አልሞተም። በየካቲት መካከል አካባቢ አንዱ ምክር ቤት የራሱን ጨርሶ የሌላውን ብቻ የሚያይበት ቀን አለ፤ ያን ቀን ያላለፈ ለዚያ ዓመት አበቃ።

6. ክትባትን የያዛችሁ ከሆነ

እዚህ ላይ ረዘም አደርገዋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

መጀመሪያ የሚኒሶታን ነገር ልንገራችሁ፤ ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ጎረቤቶቻችን የደረሰባቸው ነው። የሶማሌ ማኅበረሰብ ልጆች የኩፍኝ ክትባት ሽፋን በ2004 92 በመቶ ነበር። ከዚያ ክትባቱ ኦቲዝም ያመጣል የሚል ወሬ በማኅበረሰቡ መሐል ሰዎች እየመጡ ሰበኩ። በ2014 ሽፋኑ 42 በመቶ ወረደ። በ2017 ኩፍኝ ገብቶ ከያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ የዚያው ማኅበረሰብ ልጆች ነበሩ። ወሬው የተነሣበት የ1998ቱ ጽሑፍ በ2010 ከመጽሔቱ ተሰርዟል። በ2025 በቴክሳስ በተነሣው ወረርሽኝ ደግሞ 762 ሰው ታሞ ሁለት ልጆች ሞተዋል። እነዚህን ቁጥሮች ኮሚቴው ያውቃቸዋል። እናንተም አውቃችሁ ሂዱ።

ሌላ ዘወትር የሚነሣ ነገር ሜርኩሪ ነው። ቲሜሮሳል የተባለው ማቆያ ከሕፃናት መደበኛ ክትባቶች እስከ 2001 ወጥቷል፤ የቀረው በአንዳንድ ብዙ ዶዝ በሚቀዳባቸው የኢንፍሉዌንዛ ብልቃጦች ነበር። ይህን ሳታውቁ ስለ ሜርኩሪ ከተናገራችሁ የቀረውን ንግግራችሁን ማንም አያምንም።

ታዲያ ደኅንነትን በሚመለከት ግዛቱ ምን ይጠየቃል? የሚጠየቅ አለ፣ ያውም ጠቃሚ።

ማቀዝቀዣውን ጠይቁ። አብዛኞቹ ክትባቶች የሚቀመጡት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ነጻ ክትባት የሚያከፋፍለው የፌዴራል ፕሮግራም አባል ክሊኒኮች ሙቀቱን ያለማቋረጥ የሚመዘግብ ዲጂታል መሣሪያ እንዲይዙ ይገደዳሉ። ሙቀቱ ተበላሽቶ የቆየ ክትባት ለልጅ ከተሰጠ ክሊኒኩ ለወላጅ በስንት ቀን ውስጥ ያሳውቅ የሚለው ጥሩ፣ ጠባብ፣ ማንም በቀላሉ የማይቃወመው ጥያቄ ነው።

ማብራሪያውንም ጠይቁ። የክትባት መረጃ ወረቀት ከእያንዳንዱ ዶዝ በፊት ለወላጅ እንዲሰጥ የፌዴራል ሕግ ያዛል። ብዙዎቻችን ግን ወረቀቱን በእንግሊዝኛ ተቀብለን አጥፈን ቦርሳ ውስጥ እንከታለን። ግዛቱ በአማርኛ አሳትሞ እንዲያድልና ክሊኒክ ውስጥ በስልክ አስተርጓሚ እንዲኖር ጠይቁ። ስለ ግዛቱ የጤና ሪፖርትም ይነሣል፦ ትምህርት ቤት በትምህርት ቤት የክትባት ሽፋኑ ይፋ ካልሆነ ይፋ እንዲሆን መጠየቅ ወላጅ የሚገባው ነው።

ከክትባት በኋላ ልጃችሁ ከታመመ ሕግ ሳትጠብቁ የምታደርጉት አለ። ለበሽታ መቆጣጠሪያው ማዕከል ለሲዲሲና ለኤፍዲኤ የጋራ መመዝገቢያ ወላጅ ራሱ ሪፖርት ማድረግ ይችላል። አንድ ነገር እዚያ መመዝገቡ ክትባቱ እንዳመጣው አያረጋግጥም፤ መርማሪዎች የሚጀምሩበት ፍንጭ ነው። ስለዚህ ከዚያ ያገኛችሁትን ቁጥር ኮሚቴ ፊት እንደ ማስረጃ አትጥሩት። የካሳ ጥያቄ ደግሞ ዋሽንግተን ለሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ጊዜው የመጀመሪያው ምልክት ከታየበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው። ይህን ቀን አሳልፈው የተቆጩ ሰዎች አውቃለሁ።

7. ማን መናገር ይችላል?

ዜግነት የላችሁም ብላችሁ ቤት አትቅሩ። ድምፅ የሚሰጠው ዜጋ ነው፣ አቤት ማለት ግን የማንም ነዋሪ መብት ነው። ግሪን ካርድ ያለውም ጉዳዩ ገና ያላለቀለትም ተወካዩን ሊያነጋግርና ኮሚቴ ፊት ሊናገር ይችላል። ሳይከፈለው ለራሱ ጉዳይ የሚናገር ወላጅም እንደ ደመወዝተኛው ወኪል አይመዘገብም፤ ማኅበራችሁ ለዚህ ሰው ከቀጠረ ወይም ገንዘብ ካወጣ ግን የምዝገባውን ደንብ አስቀድማችሁ አንብቡ።

ቤተ ክርስቲያንና ከቀረጥ ነጻ የሆኑ ማኅበራት በሕግ ረቂቅ ላይ በመጠኑ አስተያየት መስጠት ይችላሉ። ለምርጫ ዕጩ ድጋፍ መስጠት ግን ክልክል ነው። ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጸዲቅ ላይ «ለዚህ ረቂቅ ደውሉ» ይባላል፤ «እገሌን ምረጡ» አይባልም። እድር ካላችሁ ደግሞ ከሁሉ የተሻለ የስልክ ሰንሰለት አላችሁ። ለለቅሶ በሁለት ሰዓት መቶ ሰው የሚሰበስብ እድር ለንዑስ ኮሚቴ ስድስት ሰው አያጣም።

ስጦታ ይዛችሁ አትሂዱ። ጎረቤቴ ቡና ተቆልቶ ታሽጎ ይሂድልኝ ብላ ነበር፤ ጽሕፈት ቤቶቹ የስጦታ ደንብ አለባቸውና ልጁን ማስጨነቅ ነው የሚሆነው። ቡናው ቤታችን ተጠጣ።

8. ከፊርማ በኋላ

አገረ ገዥው ሊፈርም፣ ሊጥል ወይም ማሻሻያ ሊልክ ይችላል። ማሻሻያና ውድቅ የተደረጉትን ለማየት ጉባኤው ከተበተነ በኋላ በስድስተኛው ረቡዕ እንደገና ይሰበሰባል፤ ያ ቀን አንዳንዴ ከዋናው ይበልጣል፤ ብዙ ሰው ግን ያኔ ረስቶ ፋሲካ ዝግጅት ላይ ነው።

ሕጉ ከወጣ በኋላ ደንብ ይጻፋል። ቨርጂኒያ ደንብ ሲወጣ የሕዝብ አስተያየት በይፋዊው የደንብ ድረ ገጽ ላይ ትቀበላለች። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ ምክር ቤት ሳትሄዱ፣ ምንም ረቂቅ ሳይኖር፣ ማንም ሰው ለሚመለከተው ቦርድ ደንብ እንዲወጣ ወይም እንዲሻሻል በጽሑፍ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ለክትባት የጤና ቦርዱ፣ ለመደብር ምግብ የግብርናና የሸማቾች አገልግሎት ቦርዱ፣ ለትምህርት ቤት የትምህርት ቦርዱ። አቤቱታው ታትሞ 21 ቀን አስተያየት ይሰበሰብበታል፤ ከዚያ ቦርዱ በ90 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ መስጠት አለበት። «አይሆንም» ቢልም ምክንያቱን መጻፍ ግድ ነው። ያ የተጻፈ ምክንያት በሚቀጥለው መስከረም ዴሊጌቱ ዘንድ ይዛችሁት የምትሄዱት ወረቀት ነው።

ሐምሌ 2027 ሲደርስ የልጆቹን የምሳ ትሪ ተመልከቱ። ማሸጊያው ላይ ቀለሞቹ በቁጥር ብቻ ላይጻፉ ይችላሉ፦ ቀይ 40 «አሉራ ሬድ»፣ ቢጫ 5 «ታርትራዚን»፣ ቢጫ 6 «ሰንሴት የሎው»፣ ሰማያዊ 1 «ብሪሊያንት ብሉ» ተብለው ሊመጡ ይችላሉ። ካገኛችሁ የማሸጊያውን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንሡ፣ ቀኑንና የትምህርት ቤቱን ስም ጻፉ፣ ለካውንቲው የትምህርት ቤት ምግብ ኃላፊ በኢሜይል ላኩ፤ ቅጂውንም ለዚያው ለዴሊጌቷ ረዳት።